ያልተሠራው ጉልላት
ስለ ዓይን አታላይ ሥዕል ለመምህራን የተነገረ ቃል



በሮማ ከተማ በቅዱስ ኢግናጥዮስ ስም የተሠራ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። አንድ እንግዳ ወደ ውስጡ ገብቶ ወደ መሠዊያው አቅጣጫ ሲያዘግም፥ በወለሉ ላይ ከሌላው ድንጋይ የተለየች ክብ የዕብነ በረድ ምልክት ያገኛል። በምልክቷ ላይ ቆሞ ዓይኑን ወደ ፊትና ወደ ላይ ቢያነሣ ከፍ ያለ ጉልላት ይታየዋል። ዐምዶች ዙሪያውን ቆመዋል፤ በመስኮቶቹ ብርሃን ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጉልላቱ ክዳን ወደ ሰማይ እየራቀ ይሄዳል። እንግዳው ተደንቆ ወደ ጉልላቱ ለመጠጋት ጥቂት እርምጃ ቢራመድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዐምዶቹ መዝመም ይጀምራሉ፤ ጉልላቱ ወደ አንድ ወገን ይጋደማል፤ በመጨረሻም ከሥሩ ሲደርስ፥ ከራሱ በላይ ያለው ጠቆር ያለ ጠፍጣፋ ሸራ ብቻ መሆኑን ያያል። ጉልላት የለም፤ ከቶም አልተሠራም።

የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥራ የተጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1626 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በንድፉ ላይ እውነተኛ ጉልላት ታስቦ ነበር። ስላልተሠራበት ምክንያት አንዳንዱ ገንዘብ አነሰ ይላል፤ ሌላው ደግሞ በአጠገቡ የሚኖሩት መነኮሳት ብርሃን ይጋርድብናል ብለው ተቃወሙ ይላል። የሆነው ሆኖ ቦታው ባዶ ቀረ። በ1685 ዓ.ም. አንድሬያ ፖዞ የሚባል ሠዓሊ ስፋቱ 17 ሜትር ያህል የሆነ ሸራ ስሎ በባዶው ቦታ ላይ ሰቀለ። ፖዞ በ1642 ዓ.ም. በትሬንቶ የተወለደ፥ በኢየሱሳውያን ማኅበር ውስጥ ቅስና ሳይቀበል በወንድምነት ማዕርግ ብቻ የኖረ ሰው ነው።

በዚያን ጊዜ የነበሩ አንዳንድ የሕንፃ ሊቃውንት ሥዕሉን አይተው ነቀፉ። ፖዞ ዐምዶቹን ያቆማቸው ከግንብ ወጣ ባሉ ደጋፊ ድንጋዮች ላይ ስለ ነበረ፥ እንዲህ ያለው አሠራር በእውነተኛ ሕንፃ አይደረግም አሉ። ፖዞ ራሱ በመጽሐፉ እንደሚተርከው፥ አንድ ሠዓሊ ወዳጁ ስለ እርሱ ሆኖ መልስ ሰጠ፤ ደጋፊዎቹ ድንጋዮች ከዐምዶቹ ክብደት የተነሣ የሚፈርሱ ቢሆን የጥፋቱን ኪሣራ ከኪሴ እከፍላለሁ አላቸው። ሊቃውንቱ ሸራ መሆኑን እያወቁ ስለ ክብደቱ መከራከራቸው ለሠዓሊው ከምስጋና ሁሉ የበለጠ ምስጋና ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ሥራ የተፈጸመው ከ1691 እስከ 1694 ዓ.ም. በዚያው ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ክፍል ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያው እንደ ቀስት የጐበጠ ነው። ፖዞ በዚህ ጐባጣ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ በሥዕል ቀጥሎ ሽቅብ ካወጣው በኋላ፥ ከላይ ክፍት ሰማይ አደረገበት። በሰማዩ ውስጥ ቅዱሳን ያርጋሉ፤ በአራት ወገንም አውሮጳ፥ እስያ፥ አፍሪካና አሜሪካ በሰው አምሳል ተቀምጠዋል። የእውነቱ ግንብ ከየት ላይ አብቅቶ የሥዕሉ ግንብ ከየት እንደሚጀምር ከታች ሆኖ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቀጥ ያለ መስመር በጐበጠ ነገር ላይ ቢሠመር ጐብጦ ይታያል። ስለዚህ ሠዓሊው ቀጥ ብሎ እንዲታይ የሚፈልገውን መስመር አስቀድሞ ማጣመም አለበት፤ ምን ያህል እንደሚያጣምም ደግሞ በግምት አይታወቅም። ፖዞ በመጽሐፉ ያስተማረው ዘዴ ቀላልና አስደናቂ ነው። በመጀመሪያ ጐባጣው ጣሪያ ከሚነሣበት ከፍታ ላይ ከግንብ እስከ ግንብ ሲባጎ እየወጠሩ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ መረብ ይሠራሉ። ቀጥሎ በሌሊት የተመልካቹ ዓይን በሚሆንበት ቦታ ላይ መብራት ያኖራሉ። የመረቡ ጥላ በጣሪያው ላይ ሲወድቅ እንደ ጣሪያው ይጐብጣል፤ ሠዓሊውም የተጣመመውን ጥላ ተከትሎ በቀለም ያሠምራል። በማግሥቱ ከመብራቱ ቦታ ቆሞ ያየ ሰው መስመሩን ሁሉ ቀጥ ብሎ ያገኘዋል። ጥላው ደብዝዞ በማይለይበት ቦታ ግን፥ ከዓይኑ ነጥብ የተነሣ ሲባጎ በመረቡ ቋጠሮ አጠገብ እያለፈ እስከ ጣሪያው እንዲወጠር ይደረጋል። ተአምር የመሰለው ሁሉ ሲባጎ፥ መብራትና ትዕግሥት ነበር።

ነገር ግን የመብራቱ ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ቦታ ለራቀ ሰው የሥዕሉ ሕንፃ በራሱ ላይ የሚወድቅ ይመስለዋል። ይህንንም እንደ ጕድለት ቈጥረው ፖዞን የከሰሱት ነበሩ። እርሱ ግን በ1693 ዓ.ም. ባሳተመው በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል አሳቡን አልለወጠም፤ የርቀት አሣሣል የእውነት አምሳል እንጂ እውነት ስላልሆነ፥ ሠዓሊው ከአንድ ከተወሰነ ነጥብ ብቻ ትክክል ሆኖ እንዲታይ ከማድረግ በላይ ግዴታ የለበትም ሲል ተከራከረ። ለጣሪያውም በወለሉ መካከል የቆመበትን ነጥብ የሚያመለክት ክብ ዕብነ በረድ አለው። በዓይን አታላይ ሥዕል ታሪክ ውስጥ ከሚያስደንቁት ነገሮች ሁሉ ይህች በሰው እግር የምትረገጥ ድንጋይ አትናቅም። አታላዩ ከየት ሆኖ እንደሚያታልል በራሱ እጅ ምልክት አድርጎ አሳይቷልና።

ዓይንን በሥዕል የማታለል ፍላጎት ከፖዞ እጅግ የቈየ ነው። የሮማው ጸሓፊ ፕሊኒዮስ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ስለ ሁለት የግሪክ ሠዓልያን የሚተርከውን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዜውክሲስ ወፎች መጥተው እስኪለቅሙት ድረስ የወይን ዘለላ ሳለ፤ ተወዳዳሪው ፓራስዮስ ግን መጋረጃ ሳለ። ዜውክሲስም በድሉ ተመክቶ መጋረጃው ይገለጥና ሥዕሉ ይታይ ቢል፥ መጋረጃው ራሱ ሥዕል ሆኖ ተገኘ። እርሱ ወፎችን፥ ፓራስዮስ ግን ሠዓሊን ስላታለለ መሸነፉን አመነ። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ እጅ ብልኀት ነው፤ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ወፏን ያታለላት ረኀቧ ነው፤ ዜውክሲስን ያታለለው ልማዱ ነው። ከመጋረጃ በስተጀርባ ሥዕል እንዳለ አስቀድሞ ባያውቅ ኖሮ መጋረጃው ባላሳሳተው ነበር።

ይህን ነገር በጥልቅ የመረመረው ሠዓሊ ሳይሆን በካይሮ ይኖር የነበረ የቍጥርና የብርሃን ሊቅ ነው። ኢብን አል ሀይሠም በ11ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ስለ ማየት በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፥ ዓይን የሚቀበለው ብርሃንና ቀለምን ሲሆን፥ ርቀትንና መጠንን ግን አእምሮ ካለፈው ልምዱ ጋር እያስተያየ እንደሚፈርድ አስረዳ። ጨረቃ ከአድማስ ስትወጣ ትልቅ፥ ከአናት ስትሆን ትንሽ መስላ የምትታየውም በዚህ የአእምሮ ፍርድ ምክንያት መሆኑን ገለጠ። መጽሐፉ ወደ ላቲን፥ ኋላም ወደ ኢጣልያንኛ ተተርጕሞ፥ የፍሎረንሱ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ጊቤርቲ በጽሑፉ ተጠቅሞበታል። በዚያችው ከተማ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ብሩኔሌስኪ የከተማውን የጥምቀት ቤት በሰሌዳ ላይ ስሎ፥ ሰሌዳውን በስቶ፥ ተመልካቹ ከጀርባ በቀዳዳው በኩል በመስተዋት ውስጥ እንዲያየው አደረገ። ቀዳዳው አንድ ዓይን ብቻ፥ ከአንድ ቦታ ብቻ እንዲያይ ያስገድዳል። የፖዞ ክብ ድንጋይ የዚህ ቀዳዳ ልጅ ናት።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ ወደ ጨዋታም ደረሰ። ፈረንጆች ዛሬ «ትሮምፕ ሎይ» ብለው የሚጠሩት፥ ትርጓሜውም «ዓይንን ያታልላል» የሆነው የሥዕል ዓይነት ይህ ነው። ከሁሉ ደፋሩ ምናልባት ሔይስብሬክትስ ይሆናል። ይህ የፍላንደርስ ሰው በዴንማርክ ቤተ መንግሥት ሲያገለግል በ1670 ዓ.ም. ገደማ የአንድ ሥዕል ጀርባ ሳለ፤ ባዶ ሸራ፥ የእንጨት ፍሬም፥ ጥቂት ምስማርና ቍጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት። አሁን በኮፐንሃገን ሙዚየም ይገኛል። ፊቱን ለማየት የገለበጠው ሰው ሌላ ጀርባ ያገኛል።

በዚያው በሮማ በ1590 እና በ1591 ዓ.ም. የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ነበር፤ በውስጡም አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሳላቸው ሥዕሎች አሉበት። ሰዎቹ በጥላ የተሞሉ፥ ሕንፃዎቹም ወደ ሩቅ እየጠበቡ የሚሄዱ ናቸው። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ለብራና ሠዓልያን አብነት ሆነ። ሠዓልያኑ ታሪኩን፥ የሰዎቹን አቋቋምና የእጃቸውን ምልክት ወሰዱ፤ ርቀቱንና ጥላውን ግን በአብዛኛው ተዉት። ይህን አለማወቅ ነው ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። ጻድቅን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፥ ኃጥእን በአንድ ዓይን በጐን የሚስል ሰው፥ ሥዕሉ እንዲናገር የሚፈልገው ማን ምን እንደ ሆነ ነው፤ ማን ስንት ክንድ ርቆ እንደ ቆመ አይደለም። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሳለው ጻድቅ ምእመኑ በቀኝም ይቁም በግራ ያው ጻድቅ ነው፤ ለእርሱ ክብ ድንጋይ አያስፈልገውም።

ችኮላው ግን በትምህርት ቤት አካባቢ ተፈጽሟል። በ1960 ዓ.ም. ዊልያም ሀድሰን የተባለ በደቡብ አፍሪካ የሚሠራ የሥነ ልቡና ተመራማሪ አንድ የፈተና ውጤት አሳተመ። በሥዕሎቹ ላይ ጦር የያዘ አዳኝ፥ በአጠገቡ ሚዳቋ የመሰለች እንስሳ፥ በሩቅ ኮረብታ ላይ ደግሞ አንሶ የተሳለ ዝሆን ነበሩ። ተፈታኙ ለአዳኙ የሚቀርበው ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል። ሚዳቋዋ ናት ያለ ርቀትን ያያል ተባለ፤ ዝሆኑ ነው ያለ ርቀትን አያይም ተባለ። በወረቀቱ ላይ በማስመሪያ ቢለካ ግን ለአዳኙ የሚቀርበው ዝሆኑ ነው። ውጤቱ ስለ አፍሪካውያን አእምሮ ብዙ ለማለት ለወደዱ ሰዎች መሣሪያ ሆነ። የሀድሰን ጽሑፍ ራሱ ግን፥ ነጭ ልጆችም ትምህርት ሲጀምሩ እንደዚያው እንደሚመልሱና ርቀቱን የሚለምዱት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዓመታት ውስጥ መሆኑን ያሳይ ነበር። ፖዞ የሚቆሙበትን ድንጋይ በወለሉ ላይ አኑሮላቸው ነበር፤ ፈታኙ ግን ድንጋዩን ሳያሳይ ለምን ከዚያ አልቆማችሁም ብሎ ነጥብ ቀነሰ።

ከ12 ዓመት በኋላ፥ በ1972 ዓ.ም.፥ ያን ዴሬጎቭስኪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ በሚኖረው በመኤን ሕዝብ መካከል የተደረገ ጥናት አወጣ። ከሕዝቡ ብዙዎቹ ሥዕል አይተው አያውቁም ነበር። በወረቀት ላይ የተሳለ ሥዕል ሲሰጣቸው ወረቀቱን ያሸቱና ይዳስሱ ነበር፤ ለእነርሱ እንግዳው ነገር ወረቀቱ ነበርና፥ መመርመር የሚገባውን መረመሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን አስተውለው እንስሳቱን ሕዝቡ በሚያውቀው ወፍራም ጨርቅ ላይ አስልተው አቀረቡ። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ፤ ነገር ግን በአንድ አፍታ አልነበረም። አንዳንዶቹ በጣታቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፉ፥ መጀመሪያ ጅራቱን፥ ቀጥሎ እግሩን ስሙን ጠሩ፤ እንስሳው ምን እንደ ሆነም ያወቁት ከዚያ በኋላ ነበር።