ከመደበኛ መስመር ወደ ቻርተር በረራ


በድሬዳዋ መስመር የሚበር አብራሪ ወደ ግል ቻርተር ድርጅት ለመዛወር ሲያመነታ፣ በቅድሚያ የሚያነጻጽረው ደመወዙን ነው። ይሁን እንጂ ከደመወዙ የሚቀድም ጉዳይ አለ። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የቀትሩ ሙቀት አየሩን ሲያሳሳው የክንፉ የማንሣት፣ የሞተሩም የመግፋት ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ጭነት መቀነስ ወይም የአየሩን መቀዝቀዝ መጠበቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በ1938 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከአብራሪው ውሳኔ በስተጀርባ የጥገናና የበረራ ዕቅድ ክፍሎች አሉ። በአነስተኛ ቻርተር ግን ተከራዩ ራሱ ከነሻንጣው ከክንፉ ሥር ቆሞ «እንሂድ» ይላል።

እንግዲህ አብራሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ «አልነሣም ባልሁ ጊዜ ድርጅቱ ከእኔ ጋር ይቆማልን?» ብሎ ነው። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠው፣ ደመወዙ ቢበልጥም ባለበት መቆየቱ ይሻለዋል።