ወደ ቃዲ የምንሄደው በፈቃዳችን ነው



የተከበራችሁ የሐዋሳ ጀመዓዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» እያልን ድምፃችንን ስናሰማ ቆይተናል። መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ፣ መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ ብለናል። ዛሬ ከዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ የየቤታችንን ጉዳይ እናንሳ፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤትን።

ይህ ፍርድ ቤት ትናንት በችሮታ የተሰጠን አይደለም። በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 በመንግሥት ሕግ ታውቋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝም ብሎት ቢያልፍም ቃዲዎቻችን መዳኘት አላቆሙም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ፈቀደ። በ1992 አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት እርከን አደራጀ። ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ፣ ሂባ፣ ውርስና ኑዛዜ በዚያ ይታያሉ።

ሁሉም ግን በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድ የውርስ ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። እህታችን «ፈቃዴን አልሰጠሁም» ብትልም በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተፈርዶባታል፤ ይግባኙም ሰበሩም አልረዳትም። ምክር ቤቱ ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው።

ይህን የሸሪዓ ሽንፈት አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። እኛ እንዲህ አናየውም። እምነት በግድ አይጫንብን ብለን የቆምን ሰዎች፣ እህታችንን በግድ ቃዲ ፊት ልናቆም አይገባንም። እኛ የምንጠይቀው መብት ለእርሷም መብት ነው።

ይልቅስ ለምን ትሸሻለች ብለን እንጠይቅ። አባት ሲሞት ወንዶቹ ቤቱን ተከፋፍለው፣ «ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» ይሏታል። ክርክር ሲነሳ ደግሞ «ሸሪዓ ይዳኘን» ይላሉ። ሱረቱ አን-ኒሳእ ለሴት ልጅ፣ ለእናትና ለሚስት ድርሻቸውን ለይቶ ደንግጓል። ልጆች ላሉት ሟች ሚስት ስምንተኛው ሐቋ ነው። የሟች ዕዳና ኑዛዜም ከክፍፍሉ ይቀድማሉ። ይህንን የነፈገ ሰው ሸሪዓን ሊጠራ አያፍርምን?

ስለዚህ አደራ! መጥሪያ ሲደርሳችሁ ቤት አትቀመጡ። በፌዴራሉ አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። በቀጠሮው ቀን ቀርባችሁ ፈቃዳችሁን ወይም ተቃውሟችሁን በግልጽ ተናገሩ። አንዴ ከመረጣችሁም በኋላ ክርክሩን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዞር አይቻልም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ምከሩ። ኒካሓችሁንና ኑዛዜያችሁን በምስክር ፊት በጽሑፍ አድርጉ። የየቲም ገንዘብ ከሌላው ሳይቀላቀል ይመዝገብ።

ቃዲዎቻችን የሚከበሩት፣ ደካማው ሰው ሐቄን አገኛለሁ ብሎ በራሱ እግር ሲመጣ ነው። አላህ በቤታችንም በአገራችንም ፍትሕን ያጽናልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ!