ከምረቃው በኋላ ያለው ሥራ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የድረ ገጽ ሥራ ቡድናችን ያቀረበው ንግግር



ስለ ሥራችን እንድንናገር ስንጠየቅ ብዙዎቻችሁ በየጊዜው የምታነሡልንን ጥያቄ አስታወስን፤ «ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ትሉናላችሁ። ዛሬ ይህን እንመልሳለን። ከማኅበሩ ቁጠባ የተበደርነው ገንዘብም ለምን እንዳስፈለገን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

አራት ነን። ሁለታችን ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀናል። አንዷ በቴክኒክና ሙያ ሠልጥናለች፤ አራተኛዋ ሒሳብ ትይዛለች፣ ደንበኛ ታነጋግራለች። ሥራውን የጀመርነው በ2011 ዓ.ም. እዚሁ ነቀምቴ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍልና ሌላ ሰው በተጠቀመባቸው ሁለት ላፕቶፖች ነው። ደንበኞቻችን የቡና አቅራቢዎች፣ ሆቴሎች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና እንደ እኛ ያሉ ማኅበራት ናቸው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀድማ የገባችው መጀመሪያ መብራት መኖሩን ታያለች። ካለ ላፕቶፑም ስልኩም ባትሪውም ሁሉም ቻርጅ ላይ ይደረጋል፤ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና። ከዚያ የደንበኞቻችንን ገጾች አንድ በአንድ እየከፈተች ትፈትሻለች። የምትፈትሸው ግን በኮምፒውተር አይደለም፤ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው። ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ያለ ሰው ገጹን የሚያየው በእንዲህ ያለ ስልክ ነዋ። ደንበኛ 4 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ሲያመጣልን ወደ 200 ኪሎባይት እናወርደዋለን። አለበለዚያ የተመልካቹን ካርድ እየበላ ሳይከፈት ይቀራል።

ቀጥሎ ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው የእኛ ሥራ ሥዕልና ቀለም ይመስለዋል፤ ጊዜያችንን የሚወስደው ግን ቃል ነው። አብዛኛው ገጽ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ የአማርኛው መጻፊያ ዛሬ ብዙም አያስቸግረንም። በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ አናባቢውም ተነባቢውም ስለሚደጋገም ቃሉ ይረዝማል፤ ለአማርኛ የተሠራች ጠባብ ቁልፍ ለኦሮምኛው አትበቃም። ሁድሃ የምንለው ትንሹ ጭረትም አለ። በኮምፒውተር ኮድ ውስጥ ያው ምልክት «ጽሑፉ እዚህ አበቃ» ማለት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ሁድሃ ሙሉ ገጽ አበላሽታብን እስከ ሌሊት ስንፈልጋት አመሸን።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። አንድ ደንበኛ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንከፍታለን» ብሎ ሰጠን፤ እኛም እንደ ወረደ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ አስገባነው። የውጭ አገሩ ሰው ሌሊት ደወለለት። ከዚያ ወዲህ ሰዓትና ቀን ያለበትን ጽሑፍ ሁለታችን ሳናነበው አይወጣም።

ከምሳ በኋላ ደንበኛ ይመጣል ወይም እኛ እንሄዳለን። ማታ ከመውጣታችን በፊት የዕለቱን ሥራ በሁለት ዲስክ ገልብጠን አንዱን ተራ የደረሳት ቤቷ ይዛው ትሄዳለች። ይህን ልማድ ያስተማረን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የደንበኞቻችን ገጾች ሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ስለ ተቀመጡ ለሌላው ዓለም ይታዩ ነበር፤ እኛ ግን ልናያቸውም ልናድሳቸውም አልቻልንም። ሥራውን እዚህ ሠርተን በፍላሽ እየጫንን፣ በአምቦ በኩል አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ እየሰጠን፣ እዚያ ያለች እህታችን እንድታስገባልን እናደርግ ነበር። የ330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። የገለበጥነው ባይኖር ኖሮ የምንልከውም አይኖርም ነበር።

እናቶቻችን ልብ በሉ፤ እስካሁን ከነገርናችሁ ውስጥ በምርቃቱ ቀን የሚታይ ምንም የለም። ደንበኛው የሚያጨበጭበው ገጹ የተከፈተ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መፈተሽ፣ መገልበጥ፣ ማደስ፣ የኪራይ ቀን መጠበቅ አይታይም። ይህ ሥራ ለእኛ ለሴቶች አዲስ አይደለም። ቤት ሲጸዳ ማንም ልብ አይለውም፤ ሳይጸዳ የዋለ ቀን ግን ሁሉም ያያል። የሚገርመው እኛም ራሳችን ይህን ሥራ እንደ ሥራ አልቆጠርነውም። ውል ስንጽፍ የመሥሪያውን ዋጋ ብቻ አስበን «የሦስት ዓመት ጥበቃና ኪራይ በዚሁ ውስጥ ነው» እያልን እንፈርም ነበር። ደንበኛ መሳቢያ መስሎን ነበር።

ይህ ስሕተት ሁለት ጊዜ ዋጋ አስከፍሎናል።

የመጀመሪያው የአንዲት ቡና አቅራቢ እናት ጉዳይ ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለከምፕቲ» እየተባለ በከተማችን ስም እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። እኚህ እናት የድረ ገጻቸውን አድራሻ በጆንያቸው ላይ ሳይቀር አሳትመው ነበር። አድራሻውን፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ በአንዷ ባልደረባችን ኢሜይል አስመዘገብነው። ባልደረባችን አግብታ ከከተማ ስትወጣ ኢሜይሉን ተወችው። የዓመቱ እድሳት ማስታወሻ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ቀረ። ገዢዎች ናሙና በሚጠይቁበት በጥር ወር አድራሻው ሞተ። እሳቸው ደወሉልን፤ «ልጆቼ፣ ቤቴን ማን ዘጋው?» አሉን። የሚመለስበት ጊዜ ስላላለፈ ቅጣቱን ከኪሳችን ከፍለን አስመለስነው። ስንት ገዢ በዚያ መካከል እንደ ሄደ ግን አልጠየቅናቸውም፤ አፈርን።

ሁለተኛው የሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ገጽ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ሆስቲንግ የምንለውን፣ የምንከራየው በብር ቢሆንም ዋጋው ዶላርን ተከትሎ ይሄዳል። በሚቀጥለው እድሳት ሒሳቡ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። የፈረምናቸው ውሎች ግን በድሮው ዋጋ ነበሩ፤ ሰባት ደንበኞች ገና ጊዜ ነበራቸው።

አራታችን ሁለት ሌሊት ተከራከርን። አንዷ «ገጾቹን እንዝጋና ገንዘብ ሲያመጡ እንክፈት» አለች። ሌላዋ «የሰው በር ዘግተን ነገ በዚህ ከተማ ማን ያምነናል?» አለች። ውሉን ለማክበር ወሰንን፤ ወደ እናንተም መጣን። የተበደርነው 45,000 ብር ለአዲስ ዕቃ አልዋለም፤ የሰባቱን ደንበኞች ኪራይ ከፈልንበት። እስከ ዛሬ 30,000 ብር መልሰናል። የቀረውን እስከ ሰኔ መጨረሻ እናጠናቅቃለን።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለውጠናል። አንደኛ፣ ዶሜይን የሚመዘገበው በባለቤቱ ስምና ኢሜይል ነው። ሥራ ስናስረክብ አድራሻው፣ የእድሳቱ ቀንና የመግቢያው መንገድ በደብተር ተጽፎ ይሰጠዋል፤ የይለፍ ቃሉንም እዚያው ራሱ ይለውጠዋል። ደንበኛው ከእኛ ጋር መቀጠል ባይፈልግ ቁልፉ በእጁ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍያው በሦስት ይከፈላል፤ ሲጀመር፣ ረቂቁ ሲታይ፣ ሲረከብ። ዛሬ በቴሌብር ስለሚከፈል «ባንክ ሰልፍ ነበር» የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ጥበቃው ለብቻው የዓመት ውልና ዋጋ አለው።

ይህን ይዘን ወደ ነባር ደንበኞች ስንሄድ ፈርተን ነበር። ሁለቱ እምቢ አሉ፤ ፋይላቸውንና ቁልፋቸውን ሰጥተን በሰላም ተለያየን። የቡናዋ እናት ግን ወረቀቱን አይተው እንዲህ አሉን፤ «ለመጋዘኔ ዘበኛ በየወሩ እከፍላለሁ። ይኼንንስ እስከ ዛሬ በነጻ ስትጠብቁልኝ ለምን ዝም አላችሁ?»

እኛም መልስ አልነበረንም።

ያልተስማማንበትም አለ። እድሮችና ትንንሽ የሴቶች ማኅበራት ሲመጡ ጥበቃውን በነጻ እንስጥ ወይስ አንስጥ? ሁለታችን እንስጥ እንላለን። ሁለታችን ደግሞ በነጻ የተሰጠ ሥራ ተመልሶ የማይታይ ይሆናል እንላለን። ለጊዜው ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ደረሰኙ ላይ ጽፈን ከሥሩ ቅናሹን እናሳያለን፤ ቢያንስ ሥራው ተጽፎ ይታይ።

በመጨረሻ ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። ለአንድ ማኅበር ድረ ገጽ ስታሠሩ በጀቱ ብዙ ጊዜ በምርቃቱ ቀን ያልቃል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ኪራዩን የሚከፍል ይጠፋል፤ ገጹም ይሞታል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ የመጀመሪያውን ዓመት ገጽ ትንሽ ቀለል አድርጋችሁ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዓመት ጥበቃ በዚያው በጀት ያዙ። ለአባሎቻችንም ያው ነው። ልብስ የምትሰፊ፣ ምግብ የምታቀርቢ፣ ጸጉር የምትሠሪ እህታችን፤ ሥራሽን ስትተምኚ ከሸጥሽ በኋላ የምትሠሪውንም ቁጠሪው። እኛ ሳንቆጥረው ቀርተን የማኅበራችን ቁጠባ ደረሰልን።