ሁለተኛው ቴነር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ “ሳክስፎንህን ይዘህ ና” ሲሉኝ ደስ አለኝ። “አጭር ንግግርም አድርግ” ሲሉኝ ግን ላብ አጠመቀኝ። መንፋት እንጂ መናገር ብዙም አይሆንልኝም። ስለዚህ ስለ አንድ አልበም ላውራችሁ።

ሳክስፎኒስቱ ረስ ገርሾን በቦስተን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለውን የጃዝ ባንድ አቋቋመ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄና ከራሳችን የሳክስፎን ጀግና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ተጫውቷል። በኋላም ከኢትዮጵያውያን እንግዶች ጋር ሆኖ ለነርሲስ ናልባንዲያን መታሰቢያ አልበም ሠራ። አልበሙ “ኢትዮፒክስ” በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ወጥቷል፤ ርእሱም “ኢትዮጵያዊው ናልባንዲያን” ማለት ነው።

ነርሲስ ማን ናቸው ለምትሉ ወጣቶች፦ እ.ኤ.አ. በ1915 አይንታብ ተወልደው አሌፖ ያደጉ አርመናዊ ናቸው። አጎታቸው ኬቮርክ፣ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን “አርባ ልጆች” የሙዚቃ ጓድ የመሩት ሰው ናቸው። ነርሲስም በዚያው ተከትለው መጡ፤ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራንና የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞች አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1977 አረፉ።

ትልቁ ሥራቸው ምን ነበር? ትዝታ በሉት ባቲ፣ አምባሰል በሉት አንቺሆዬ፣ ዜማችን በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው፤ ዘፋኙም መሰንቆውም አንዱን መስመር ይከተላሉ። ትልቅ ባንድ ሙሉ ሰው ያንኑ ዜማ ከነፋው ጆሮ ያደነቁራል። የፈረንጁን ሃርመኒ እንዲሁ ከጫናችሁበት ደግሞ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ነርሲስ ለትራምፔቱ፣ ለሳክስፎኑ፣ ለትሮምቦኑ የየራሱን መንገድ እየጻፉ፣ ዜማውን ሳይሰብሩ አሰፉት። ልብ በሉ፣ “እየጻፉ” ነው ያልኩት። ፈረንጆቹ እሳቸው ካለፉ ከስንት ዓመት በኋላ ሥራውን አንስተው መጫወት የቻሉት በኖታ ስለተጻፈ ነው።

ይህን ያነሳሁት ራሴን ልከስ ነው።

እዚሁ ሆሳዕና ተማሪ ሳለሁ በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ እጫወት ነበር። መሪያችን፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ ዱራሜ ሰርግ ላይ የሰሙትን የከምባታ ዘፈን ለሁለት ሳክስፎን፣ ለትራምፔትና ለትሮምቦን አቀናበሩት። ደብተራቸውን ሰጥተውኝ “ወስደህ ገልብጠው፣ ሌላ ቅጂ የለኝም” አሉኝ። የራሴን መስመር ብቻ ገልብጬ መለስኩላቸው። “ሌላውስ?” ሲሉኝ “ከፈተና በኋላ፣ ጋሼ” አልኳቸው።

ፈተናው አለፈ፤ ተመርቄም ሄድኩ። ጋሼ ሲያርፉ ለልቅሶ መጣሁ፤ ደብተሩን ግን ቤተሰቡም እኔም ፈልገን አጣነው። ዛሬ በእጄ ያለው ሁለተኛው ቴነር ብቻ ነው። ሁለተኛ ቴነር ማለት ከዜማው ሥር ሥር የሚሄድ ድጋፍ ነው እንጂ ዜማው አይደለም። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ስነፋው ትንሿ ልጄ “አባዬ፣ ዘፈኑስ የት አለ?” አለችኝ። ምን ልበላት?

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ለያሆዴ፣ ለመሳላ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ አተካናው እስኪቀርብ ድረስ ስልካችሁን አውጡና እናቶችና አባቶች ሲዘፍኑ ቅዱ። የዘፋኙን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ግጥሙን በሀዲይሳም ሆነ በከምባቲሳ ጻፉ። መምህራን፣ ማስቀመጫውን እናንተ አዘጋጁልን። ኖታውን እኔ በነፃ እጽፋለሁ፤ አሁን “ከፈተና በኋላ” አልልም።

በሉ፣ ሁለተኛውን ቴነር ልንፋላችሁ። ከመካከላችሁ በዚያን ጊዜ ጋሼን የሰማ፣ ዜማውን የሚያስታውስ ካለ፣ እባካችሁ አብሮኝ ያንጎራጉር። እየነፋሁ እሰማለሁ።