በቤት ብርሃን የሰውን ፊት ስለ ማንሣት



ለዚህ የበዓል መጽሔት የነባር ሠራተኞቻችንን ፎቶግራፍ እንድናነሣ በታዘዝን ጊዜ ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። ያለን ካሜራ የእጅ ስልክ ብቻ ነው። በር ጠባቂያችንን አባባን ጀርባቸውን ለመስኮት ሰጥተው ሳሉ አነሣናቸው። ካሜራው ራሱን በመስኮቱ ብርሃን ስለ መጠነ ፊታቸው ጠቆረ። ሁለተኛ ጊዜ ከኮርኒሱ አምፑል ሥር አስቀመጥናቸው፤ ዓይናቸው በጥላ ተሸፈነ። አይተውም፣ «ልጆቼ፣ ይህ እኔ ነኝን?» ቢሉን አፈርን።

የመብራት ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረን ባለን ነገር ሠራን። መስኮቱ በጎናቸው እንዲሆን አዞርናቸው፤ ፀሐዩም በቀጥታ እንዳይመታቸው በነጭ ሻሽ ጋረድነው። በጥላው ወገን አቡጀዲ በወንበር ላይ ዘርግተን ብርሃኑን ወደ ጉንጫቸው መለስነው። ቢጫው ብርሃን ከቀኑ ጋር እንዳይደባለቅ አምፑሉን አጠፋን።

ለማታ ግን አንድ የጠረጴዛ መብራት ከወደ ጎን፣ ከዓይን ጥቂት ከፍ አድርጎ ማኖር ይበቃል፤ የሚጋርደው ጨርቅ እንዳይቃጠል ከአምፑሉ ይራቅ። የአምፑል ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ እንደሚወርድ በፊዚክስ ተምረናል። ስለዚህ ትልቅ መብራት ከመግዛት ትንሹን ማቅረብ ይሻላል።

አባባ ሦስተኛውን ሥዕል አይተው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ሩቅ አገር ላለችው ልጃቸው የሚልኩት አንድ ቅጂ ለመኑን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነጭ ጨርቅ ከቤታችሁ አይጠፋምና የወላጆቻችሁን ፊት በጨለማ አታስቀሩ።