ጎማ፣ ውኃና ደን፦ በካፋ የተራራ ብስክሌት መንገድ ከመቀየሱ በፊት



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የወጣቶች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። የተራራ ብስክሌት በደን ውስጥ በተቀየሱ ቀጫጭን መንገዶች ላይ የሚካሄድ ስፖርት ነው። በብዙ አገሮች ለአነስተኛ የገጠር ከተሞች የእንግዳ ማረፊያ፣ የአስጎብኚነትና የጥገና ሥራ አስገኝቷል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አካቷል። ስለዚህ በቦንጋ ዙሪያ ባለው ደንስ ይቻላል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሴ «ይቻላል» የሚል ነው፤ ነገር ግን ቅየሳው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ወገኖች ሊደመጡ ይገባል፦ ውኃውና በደኑ የሚኖረው ሰው።

በቅድሚያ፣ እንጦጦን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የእንጦጦ ደን በአብዛኛው የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። የካፋ ደን ግን ቡና በዱር የሚበቅልበት የተፈጥሮ ደን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ካፋንና ያዩን በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የባዮስፌር ሪዘርቮች አድርጎ መዝግቧቸዋል። በዚህ ሥርዓት መሬቱ በሦስት ቀጠናዎች ይከፈላል። ዋናው ቀጠና ለጥበቃ ብቻ የተተወ ነው፤ የከለላው ቀጠና ጥንቃቄ የተሞላበት አጠቃቀምን ይፈቅዳል፤ በሽግግር ቀጠናው እርሻና መኖሪያ ይገኛሉ። የብስክሌት መንገድ ሊታሰብ የሚችለው በኋለኞቹ ሁለት ቀጠናዎች ነው።

ብስክሌት ደን ያጠፋል የሚለው ስጋት ምን ያህል እውነት ነው? እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ሞንታና የተደረገ ጥናት ከብስክሌት ጎማ ይልቅ የፈረስ ኮቴ ብዙ አፈር ለመታጠብ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በካናዳ ኦንታሪዮ በተሠራ ሙከራ ደግሞ እስከ 500 ጊዜ በታለፈባቸው መስመሮች ላይ የእግረኛውና የብስክሌቱ ጉዳት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ግኝቶች ያጽናናሉ፤ ሆኖም የተገኙት ከእኛ በተለየ አፈርና በተለየ ዝናብ ላይ ነው። በካፋ ዝናቡ ብዙ ወራት ይዘንባል፤ ቀዩ ሸክላማ አፈራችንም ሲርስ ይላቆጣል፣ ያንሸራትታል። ብስክሌተኛ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ የሚንሸራተተው ጎማ ቀጭን ቦይ ይቀድዳል። ጎርፉ ያንን ቦይ መንገዱ ያደርገዋል፤ ውሎ አድሮም ቦረቦር ይሆናል።

የመንገድ ቀያሾች ለዚህ ቀላል ብልሃት አላቸው። መንገዱ ቁልቁል አይወርድም፤ የተራራውን ወገብ ይዞ ይዞራል። ተዳፋቱ ከጎኑ ካለው የተራራ ተዳፋት ከግማሽ አይበልጥም፤ በአማካይም በ100 ሜትር ርቀት ከ10 ሜትር በላይ አይወጣም፣ አይወርድም። የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁለቱ ጎን በጥቂቱ ያዘነብላል፤ በየመሃሉም ውኃውን ወደ ውጭ የሚያስወጡ ረባዳዎች ይበጁለታል። እንደ አለምጎኖና ጎጀብ ያሉ ረግረጋማ ሥፍራዎች ጨርሶ አይነኩም። አፈሩ በራሰ ጊዜም መንገዱ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ግን ችግር ይገጥመናል። ዝናቡ ቀንሶ መንገዱ ለብስክሌት መመቸት የሚጀምርባቸው ወራት የቡና ለቀማ ወራትም ናቸው። ብስክሌተኛው የሚመኛት ያቺ ቀጭን መንገድ ባዶ አይደለችም። ቡና ለቃሚው፣ ማር ቆራጩ፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚሰበስበው ሰው ይመላለስባታል። ሸክም ያዘለች እናት በመታጠፊያ ላይ በፍጥነት ከሚወርድ ብስክሌት ጋር ብትገናኝ ወዴት ትሸሻለች? ደግሞም አዲስ የተከፈተ መንገድ ለብስክሌተኛው ብቻ አይከፈትም፤ በሌሊት እንጨት ለሚያወጣውም ይከፈታል።

የቀድሞው የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪወድቅ ድረስ ድንበሩን በጥልቅ ቦዮች አጥሮ፣ መግቢያውን በሚጠበቁ በሮች ይቆጣጠር ነበር። ያ ሥርዓት ለጦርነት ዘመን የተሠራ ነው፤ የሚያስተምረን ግን አለ። መንገድ በር ነው፤ በር ያለው ደግሞ በረኛ ያስፈልገዋል። የዛሬዎቹ በረኞች በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁት የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ናቸው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በፋርም አፍሪካና በኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል ድጋፍ በቦንጋ ደን ተጀምሮ ለሌሎች አካባቢዎች አርአያ ሆኗል። ማኅበራቱ ደኑን በመጠበቅ ግዴታ፣ በመጠቀም መብት ተቀብለዋል። መንገዱ እነርሱን ሳያማክር ቢቀየስ ያ ውል ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ ደኑን የሚጠብቀው ማን ነው?

ስለዚህ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መንገዱ በከለላና በሽግግር ቀጠና ብቻ፣ በተቻለ መጠን ቀድሞ በተረገጡ መስመሮች ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ ረጅም መረብ ከመዘርጋታችን በፊት አንድ አጭር መስመር ሠርተን፣ አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፈን አፈሩን እንለካ፤ ይህ ለተማሪዎቻችን ጥሩ የምርምር ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ በማንኛውም ሥፍራ ብስክሌተኛው ለእግረኛው ቆሞ ያሳልፍ። አራተኛ፣ የመግቢያው ክፍያ ለማኅበራቱ ይግባ፤ መንገዱን በለቀማና በዝናብ ወቅት የመዝጋት ሥልጣንም የእነርሱ ይሁን።

ቦንጋ ዛሬ የክልል መቀመጫ ናት፤ እንግዳዋም እየበዛ ይሄዳል። እንግዳውን የሚያመጣው ደኑ ነው። መንገዱ ደኑን ካጎደለ፣ የሚመጣበት ምክንያትም አብሮ ይጎድላል።