ክረምት ሳይገባ የመኪናችንን ቀለም እንጠብቅ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በግንቦት ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



 የዛሬው ንግግሬ ስለ መኪና ቀለም ነው። «መኪና ለሌለን ሰዎች ይሄ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም የለኝም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ጉዳዩ የመኪና ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ለኮሚቴው አንድ ማመልከቻ ገባ። አመልካቹ ጥቁር መኪና ያላቸው የሠፈራችን ሰው ናቸው። በመንገዱ ጥግ መኪና የሚያጥቡት ልጆች ቀለሙን ስለጫጫሩብኝ ከቦታው ይነሡልኝ ነው የሚሉት። እኔም ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ሄጄ መኪናውን ፀሐይ ላይ አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶበታል። ከዚያ ልጆቹንም አነጋገርናቸው። ያላቸው አንድ ባልዲና ከአሮጌ ሹራብ የተቀደደ አንድ ጨርቅ ነው። ጎማውንም ኮፈኑንም የሚያጥቡት በዚያው ነው።

ይህን ሳይ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ12 ዓመቴ እዚሁ ሠፈር መኪና አጥብ ነበር። ያን ጊዜ ጋሼ የምንላቸው አንድ ጎረቤት ጥቁር ፔጆ 404 ነበራቸው። ክረምት ሊገባ ሲል ሬንጅ ከፈሰሰበት መንገድ ላይ ተረጭቶባቸው መጡ። እኔ ደግሞ ላስደስታቸው ብዬ የእናቴን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አመጣሁና ሬንጁን ፈገፈግኩት። ሬንጁ ለቀቀ፤ ቀለሙም አብሮ ለቀቀ።

ጋሼ አልመቱኝም። ክረምቱ ግን አልማረም፤ እኔ በፋቅሁት በኩል ውኃ ገብቶ ለመስቀል በዓል ዝገቱ ብቅ አለ። ለካ መኪናውን ለልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ሊሸጡት አስበው ኖሯል፤ ገዢው ዝገቱን አየና ዋጋውን ሰበረባቸው። ይህን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከባለቤታቸው ነው። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አንሥተውብኝ አያውቁም። እንዲያውም በዚያው ዓመት ሁለት ባልዲ ገዝተው ሰጡኝና መኪና እንዴት እንደሚታጠብ አጠገቤ ቆመው አሳዩኝ። ኋላም ጋራዥ ገብቼ ከአንድ ቀለም ቀቢ ሥር ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

ጥቁር መኪና ለምን ይለያል? ጭረት በነጭም መኪና ላይ አለ። ነገር ግን ጭረት ብርሃን ሲያርፍበት የሚታየው ነጣ ብሎ ነው። በነጭ ላይ ይደበቃል፣ በጥቁር ላይ ግን ከሩቅ ይጣራል። ጥቁር ሰማያዊም ጥቁር አረንጓዴም እንደዚሁ ነው። ሌላው ደግሞ ጥቁር ነገር ፀሐይን ይስባል። ስለዚህ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ሲያርፍበት ከሌላው ቀለም ይልቅ ቶሎ ይጋገርበታል።

በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ብርጭቆ መሳይ ሽፋን አለ። ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ቦታ ተከፍሎ አንዱ ነው። እንግዲህ በፖሊሽ በታሸ ቁጥር ከዚያች ስስ ነገር ላይ ጥቂት ይነሣል። በየበዓሉ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው መኪናውን አሳመረ እንዳይመስለው፤ እያስፋቀው ነው። በድሮ መኪኖች ላይ ደግሞ ክሊሩ የሌለባቸው አሉ። ለማወቅ በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ማሸት ነው። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ካወጣ ክሊር የለውም፤ በቀጥታ ቀለሙን ነው የምታሹት ማለት ነው።

ወደ ክረምቱ ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ዝናብ ብቻውን ጤነኛ ቀለምን አይበላም። የሚጎዳው ጠጠር የነቀለው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ብረቱ ራቁቱን ስለሆነ ሳይደርቅ ይከርማል፤ ዝገቱም ከቀለሙ ሥር ሥሩን እየሄደ ይፈነቅለዋል። ለዚህ ነው ሥራው በግንቦት ማለቅ አለበት የምለው። በሐምሌ ማሰብ ዘግይቷል።

አሁን አሠራሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አንደኛ፤ አቧራን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ። አቧራው አሸዋ አለበት፤ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ጥቁር መኪና የሚጫጫረው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። መጀመሪያ ውኃ ይፍሰስበት፣ ጭቃው ይራስ፣ ከዚያ ጨርቅ ይንካው።

ሁለተኛ፤ ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል። አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ማለቅለቂያ። ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ጎማና የበሩ ታችኛው ክፍል የመጨረሻ ነው፤ የራሱ ጨርቅ ይኑረው። እጃችሁ ክብ አይዙር፣ ከፊት ወደ ኋላ በቀጥታ ይሂድ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ሁለት ጀሪካን በቁጠባ ከተያዘ ለአንድ አውቶሞቢል ይበቃል።

ሦስተኛ፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ይቅር። ያልሟሟው ፍሬ ይጭራል፣ የተቀባውንም ሰም ያነሣዋል። አዲስ ሰም ከመቀባታችን በፊት የድሮውን ለማንሣት አንድ ጊዜ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ማጠብ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፖ ነው። ያብለጨልጫል ተብሎ ናፍጣ ወይም ላምባ የሚቀባም አለ። ይሄ ለአንድ ሰዓት ነው የሚያምረው። ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል፣ የበሩንና የመስታወቱን ጎማ ያበላሻል።

አራተኛ፤ ከደረቀ በኋላ ጠጠር የነቀለውን ቦታ ፈልጉ። የኮፈኑን ጫፍ፣ ከጎማ በላይ ያለውን ፓራፋንጎ፣ የበሩን ከንፈር እዩ። ዝገት ከጀመረው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ብቻ አንሡና የዝገት መከላከያ ንኩት። ሲደርቅ ቀለሙን በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠብ አድርጉበት። የቀለሙ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በበሩ ፍሬም ወይም ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈችው ሳህን ላይ ይገኛል። ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። የኔ ጋሼ የከሰሩት እንዲህ ያለ ቦታ ሳይደፈን ስለከረመ ነው።

አምስተኛ፤ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አግቡና የታጠበውን ቀለም በቀስታ ዳብሱት። በባዶ እጅ ለስላሳ የነበረው ሸካራ ሆኖ ይሰማችኋል። ያ የተጣበቀ ቆሻሻ ነው፤ ሳይነሣ ሰም አይያዝበትም። ለዚሁ የሚሸጥ ጭቃ መሳይ ማጽጃ አለ፤ በሳሙና ውኃ እያራሱ በቀስታ ነው የሚታሸው። ጭረቱ ቀላል ከሆነ ደቃቅ ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ጥፍራችሁ የሚይዘው ጭረት ግን በፖሊሽ አይጠፋም፤ ክሊሩን ከመጨረስ ብትተዉት ይሻላል።

ስድስተኛ፤ ሰም። ሰሙ ጭረትን አያጠፋም፣ ውኃና ቆሻሻ ቀለሙን እንዳይነካ ይከልላል እንጂ። ከነዚህ የታወቀው ካርናውባ የሚባለው ሲሆን፣ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው። በጥላ ሥር፣ ብረቱ ሳይግል፣ በስሱ ቀቡት። ወፍራም መቀባት ሰም ማባከን ነው። አንድ በር ሲያልቅ ወደ ሌላው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታዳርሱ። ካርናውባ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ ተቀብቶ በነሐሴ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ይደገማል። ሰው ሠራሹ መከላከያ ከዚያ ይረዝማል። መኖሩን ለማወቅ ውኃ ጠብ አድርጉበት። እንደ ዶቃ ከተንከባለለ አለ፣ ከተዘረጋ አልቋል።

ሰባተኛ፤ ከበሮቹ ሥር ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በጭቃ ከተደፈኑ በሩ ውኃ ይዞ ከውስጥ ይዝጋል። በስንጥር ክፈቷቸው። በፊት መስታወቱ ግርጌ የሚከማቸውንም ቅጠል አንሡ። ሸራ የምታለብሱ ደግሞ አቧራ በያዘ ወይም በረጠበ መኪና ላይ አታልብሱ። ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ሸራው ራሱ ይጭረዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለጌጥ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ብዙዎቻችን በእጃችን ያለውን መኪና ገና ብዙ ዓመት ልንነዳው ነው። በመኪናው ሠርቶ የሚያድረውም፣ ነገ ሸጦ ልጁን ሊያስተምር የሚያስበውም እዚህ ተቀምጧል።

እንግዲህ ወደ ልጆቹ ልመለስ። አመልካቹ የደረሰባቸው ጉዳት እውነት ነው፤ ኮሚቴው አላቃለለውም። ነገር ግን ልጆቹን ብናስነሣ ነገ ሌሎች ይመጣሉ፤ እነሱም የሚይዙት አንድ ባልዲና አንድ የሹራብ ቁራጭ ነው። የተነሡትስ ልጆች ምን ይበላሉ? ሁለቱ በዚያ ገንዘብ የማታ ትምህርት የሚማሩ ናቸው። ጥፋታቸው የክፋት ሳይሆን ያለማወቅ ነው፤ እኔ ሽቦውን ይዤ ስመጣ እንደነበረው ማለት ነው። ደግሞስ እኛ ባልዲ ሰጥተናቸው ያውቃል? «ቶሎ በል፣ ቸኩያለሁ» ብለን በደረቁ የምናስጠርጋቸውስ እኛው አይደለንም ወይ?

በመሆኑም ለሚመጣው እሑድ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። መኪና ያለው እያንዳንዱ አባል አንድ ባልዲና ሁለት ለስላሳ ጨርቅ ያዋጣ። የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ አንድ በርሜል ማኅበሩ ይስጥ። እኔ ደግሞ ግንቦት ሳያልቅ በማኅበሩ ግቢ ልጆቹን ያለ ክፍያ አሠራሩን አሳያቸዋለሁ። የአመልካቹን መኪና ፈቃዳቸው ከሆነ ልጆቹ ባሉበት በገዛ እጄ ፖሊሽ አድርጌ ሰም እቀባዋለሁ። ጭረቱ ሁሉ ይጠፋል ብዬ አልዋሽም፤ ብዙው ግን ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጆቹ ካላስተካከሉ ያን ጊዜ ማመልከቻውን እንደገና እናያለን።

ተቃውሞም ድጋፍም ያለው አባል እሑድ መጥቶ በግልጽ ይናገር። ባልዲ የሚሰጥ ግን እሑድን አይጠብቅ፤ ቤቴ የት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።